የጀርሞች መድኃኒት መላመድ፦ የሚላመደው ማን ነው?

ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በገርጂም ሆነ በቦሌ ውስጥ ለውስጥ፣ መድኃኒት ቤት ሳያዩ ብዙ መሄድ አይቻልም። በእነዚህ ቤቶች መስኮት ላይ ከሚሰሙት ንግግሮች አንዱ ይህን ይመስላል፦ «አሞክሳሲሊንን ሰውነቴ ለምዶታል፤ ጠንከር ያለ ስጪኝ።» ተናጋሪው ያየው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው የሠራለት መድኃኒት ዘንድሮ አልሠራ ብሎት ይሆናል። ምክንያቱን ግን ገልብጦታል። ሰውነት አሞክሳሲሊንን አይለምድም። የሚላመደው በሰውነት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው።

ይህ ነገር በሕክምናው ዓለም አንቲማይክሮቢያል ሬዚስታንስ ይባላል። በአማርኛ በስብሰባና በዜና ላይ የሚሰማው «ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን መላመድ» የሚለው ነው። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የሚላመደው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ሰሚው በራሱ ሰውነት ቢተረጉመው አይፈረድበትም። «የጀርሞች መድኃኒት መላመድ» ቢባል ይሻላል እላለሁ። መንገዱም ቀድሞ የተጠረገ ነው፦ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «መድኃኒት የተላመደ ሕመምተኛ» የሚል ግን የለም። ግራ መጋባቱ የእኛ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. በ12 አገሮች ባካሄደው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከተጠየቁት 76 በመቶው የሚላመደው የሰው አካል ነው ብለው ነበር።

ልዩነቱ ከሰዋስው ያልፋል። የለመደው ሰውነቴ ከሆነ ችግሩ የእኔ ብቻ ነው፤ መድኃኒት ስለውጥ ያበቃል። የለመደው ጀርሙ ከሆነ ግን ከእኔ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ ክፍል ጓደኛዋ ይሻገራል። አንድም ቀን አንቲባዮቲክ ያልወሰደ ሕፃን የተላመደ ጀርም ሊይዘው ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በባክቴሪያዎች መድኃኒት መላመድ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል።

አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። ባክቴሪያ ዙሪያውን የሚጠብቀው ግድግዳ አለው፤ ፔኒሲሊን ይህ ግድግዳ እንዳይገነባ ያደርጋል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ እኛን በአብዛኛው አይጎዳም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ታዲያ ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም እያመረቱ የፔኒሲሊንን ኬሚካላዊ ቀለበት ይበጥሱታል። ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርንስት ቼይን ይህን ኢንዛይም የገለጹት በ1940 እ.ኤ.አ. ነው፤ መድኃኒቱ ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ! ኦግመንቲን በሚባለው መድኃኒት ውስጥ ከአሞክሳሲሊን ጋር ያለው ክላቩላኒክ አሲድ ሥራው ያንን ኢንዛይም መያዝ ነው። ስለዚህ ኦግመንቲን ለሁሉም ሕመም «ጠንከር ያለ» አሞክሳሲሊን አይደለም፤ ኢንዛይሙን ለሚያመርት ጀርም የተዘጋጀ ነው። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ ያ ግድግዳ ስለሌለው ሁለቱም አይነኩትም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ማንም ሰው ፔኒሲሊንን ከሱቅ ገዝቶ ከመጠን አሳንሶ እየወሰደ ጀርሞችን የሚያላምድበት ቀን እንዳይመጣ አስጠንቅቆ ነበር።

መጠን ማሳነስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሰዓት ካለመጠበቅ ነው። የፔኒሲሊን ዘሮች ኃይል የሚወሰነው በአንዴ በሚዋጠው ብዛት ሳይሆን መድኃኒቱ በደም ውስጥ በቂ ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ ነው። «በቀን 3 ጊዜ» ተብሎ የታዘዘ በግምት በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው፤ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ቢሆን ይስማማል። አንዱ ከተረሳ ሲያስታውሱ መውሰድ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን መተው እንጂ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ አይገባም። በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ሰዎች የጠዋቱን ሲዘሉት አያለሁ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። አሞክሳሲሊን ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ኦግመንቲን ግን ሆድ እንዳይረብሽ ከምግብ ጋር ቢሆን ይመረጣል። የታመመ ሰው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር፣ በረመዳንም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር ቢነጋገር መፍትሔ አያጣም። መድኃኒቱ የሚወሰድበትን የቀን ብዛት የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ትኩሳቱ ስለበረደ በራስ ሥልጣን ማቋረጥ አይገባም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አንቲባዮቲክን መፍራትም አደጋ አለው። በአገራችን የብዙ ልጆችና ወጣቶች ልብ የተጎዳው በሪማቲክ ሕመም ነው፤ መነሻውም ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ልጅ ትኩሳት ይዞት መዋጥ ሲያቅተው ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት፤ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ለ10 ቀን ከታዘዘለትም 10ሩ ቀን መሞላት አለበት። ለልጆች የሚበጠበጠውን ዱቄት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ መበጥበጥ፣ ከመስጠት በፊት መነቅነቅ፣ የቤት ማንኪያን ትቶ አብሮ በመጣው መስፈሪያ መለካት ያስፈልጋል። ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው አጭር ስለሆነ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጣል መድኃኒት ቤቱ በጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍ ይጠይቁ።

መድኃኒቱ ሲታዘዝ ለሐኪሙ መነገር ያለበት ነገር አለ፦ ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ሰውነትዎን አስቆጥቶ ከሆነ፣ የኩላሊት ሕመም ካለ፣ የልብ ቫልቭ ተቀይሮልዎት ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ። ተቅማጥና ማቅለሽለሽ የተለመዱ ናቸው፤ ሽፍታ ሲወጣ ግን መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም ማነጋገር፣ ፊት ወይም ከንፈር ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳያባክኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። በልጅነት «አለርጂ ነው» የተባሉ ሰዎች አብዛኞቹ ሲመረመሩ አለርጂ የለባቸውም፤ ምርመራው ግን በሐኪም እጅ እንጂ በቤት ሙከራ አይደረግም።

በመግቢያው ያነሣሁት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ሰፈር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ከሽቶውና ከጫማው ጋር አንቲባዮቲክ ይዞ ይመጣል፤ በፍቅር ነው። ያ መድኃኒት ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ሕመም የታዘዘ ነው፤ ከመሳቢያ ወጥቶ ለጎረቤት ልጅ ሲሰጥ መጠኑን የሚያውቅ የለም። የተረፈ ካለ መድኃኒት ቤት ወስደው እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቁ። መድኃኒት ጉዳት ካደረሰብዎት ወይም ጥራቱን ከተጠራጠሩ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው፤ ሲደውሉ ማሸጊያው ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥር ለመናገር እንዲችሉ ማሸጊያውን አይጣሉት።