በሰደፍ ላይ የተጻፈው

የዛሬው ቃላችን «ሰደፍ» ነው። ሰ - ደ - ፍ። ሰደፍ ማለት ትከሻ ላይ የሚደገፈው የጠመንጃ እንጨት ነው። የማጫውታችሁ ግን ስለ ተኩስ አይደለም። በሰደፍ ላይ ስለሚቀረጸው ጌጥና ስለ ቀራጩ ነው።

ድሮ ጠመንጃ በኋላው አይጎርስም ነበር። ባሩዱም አረሩም በአፈ ሙዙ ይገባል፤ ከዚያ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ጠላት የት ይጠብቃል? ያገራችን ሰው ቀልድ አያልቅበትምና «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ ስም አወጣለት።

በ1533 ዓ.ም. 400 ያህል ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው በምጽዋ በኩል ገቡ። በግራኝ አሕመድ ጦር ውስጥም ነፍጥ ነበር። ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ መድፍ አሠሩ። ትልቁ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። እሱም የሚጎርሰው በአፉ ነው። በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ።

ይህን ሁሉ ብረት ይፈልጋል። ብረት ደግሞ ቀጥቃጭ ይፈልጋል። ቀጥቃጩን ግን ማን አከበረው? ማረሻውን ከእሱ እየገዙ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ይሉታል፤ ልጅ አይድሩለትም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። በዚያ ዘመን ጽሕፈት የሚያውቀውም «ጠንቋይ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ያኔ ቢሆን እናንተም አታመልጡም ነበር!

ባለፈው በጋ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ አዛውንት ቤት ገባሁ። ምሰሶው ላይ አሮጌ ቆመህ ጠብቀኝ ተሰቅሏል። የመንደር ቀጥቃጭ የሠራው ነው። ለተማሪዎቼ ማሳያ ልገዛው ነበር የሄድኩት፤ ገንዘቡም ኪሴ ውስጥ ነው።

አውርደው አሳዩኝ። ሰደፉ ዋንዛ ነው፤ ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል። የተሰነጠቀው በጠፍር ታስሯል። በጎኑ ሐረግ ተቀርጾበታል፤ ልክ በብራና መጽሐፍ ራስጌ እንደሚሳለው ያለ። መስመሩ ጥልፍልፍ ብሎ ይሄድና የመጣበት ይመለሳል። መሮው አንድም ቦታ አልሳተም። እንጨት ቀርጻችሁ የምታውቁ ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ታውቁታላችሁ።

ከሐረጉ ሥር ሦስት ፊደሎች አሉ። አዛውንቱ የጦር ጸሎት ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን ፊደል መቁጠር ጀምረዋል። በጣታቸው እየተከተሉ «ሀ... ል... ጄ» አሉ። «ሀልጄ ደግሞ ምንድን ነው፣ መምህር?»

እኔም ግራ ገባኝ። በኋላ «አባባ፣ ይህን ያስቀረጸው ማን ነው?» አልኳቸው።

«አባቴ ነው። አንድ ደብተራ በብራና ቁራጭ ጽፎ ሰጠው፤ ቀጥቃጩ ያንን እያየ ቀረጸ። ፊደል አያውቅማ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እናንተም ሞክሩት። ደብተራችሁ ላይ «ሀ»ን ጻፉና ገልብጡት፤ «ለ»ን ይመስላል። ቀጥቃጩ የመጀመሪያዋን ፊደል ገልብጦ ቀርጿታል።

ሰደፉን አዞርኩላቸው። ቀስ ብለው አነበቡ። «ለ... ል... ጄ።» ዝም አሉ። ከዚያም «ለኔ ነዋ!» አሉ።

ዋጋውን ሳልጠይቅ ቡናዬን ጠጥቼ ተነሣሁ። በር ላይ ስደርስ የቀጥቃጩን ስም ጠየቅኋቸው።

«ቀጥቃጩ ነበር የምንለው» አሉኝ። «ስሙንማ ማን ጠይቆት።»