ንግግር ማንን ያድናል?

በአንድ ሕመም የተያዙ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሐኪም አንድ ዓይነት የምክር ሕክምና አግኝተው፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው እንደተኛ መቅረቱ ለምንድን ነው? ጥያቄው ባሕር ማዶ ብዙ አከራክሯል። እኔ ግን ከቀብሪበያ መጀመርን መረጥሁ።

ከጅጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው በዚህች ከተማ፣ በ1983 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ለሸሹ ሶማሊያውያን መጠለያ ተከፈተ። ያኔ እዚያ የተወለዱ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። የሶማሌ ስደተኞች እንዲህ ያለው ጥበቃ ለሚያመጣው ሕመም «ቡፊስ» የሚል ስም አላቸው። ቃሉ «መንፋት» ከሚል የሶማሊኛ ግስ የመጣ ነው። በኬንያው የዳዳብ መጠለያ ያጠናችው ሲንዲ ሆርስት እንዳስረዳችው፣ ቡፊስ ወደ ሌላ አገር የመሻገር ብርቱ ናፍቆት ነው፤ ተስፋው ሲመክን ግን አእምሮን እስከ ማናጋት ይደርሳል።

ታዲያ ይህን ሰው ንግግር ይፈውሰዋል? እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ 250 የድባቴ ሕሙማንን በአራት ከፍሎ፣ ገሚሶቹን በሁለት ዓይነት የንግግር ሕክምና፣ ሌሎቹን በእውነተኛና በማስመሰያ ኪኒን አክሞ ነበር። ሁለቱ የንግግር ሕክምናዎች ብዙም አልተበላለጡም። በ1991 ማን እንደተጠቀመ ሲመረመር ግን፣ ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ላይ በሚያተኩረው ሕክምና ይበልጥ የዳነው ማኅበራዊ ኑሮው ብዙም ያልተናጋው፣ አስተሳሰብን በሚያርመው ደግሞ አስተሳሰቡ ብዙም ያልተዛባው ሆኖ ተገኘ። ይኸውም ሕክምናው የቆመው በሽተኛው በቀረው ጉልበት ላይ ነበር ማለት ነው።

በ2003 የታተመው የዩጋንዳ ጥናት ይህንኑ የሚያጠናክር ይመስለኛል። በ30 መንደሮች በተካሄደው በዚህ ጥናት፣ ሕክምናውን ያገኙት ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ ለ16 ሳምንታት እየተሰበሰቡ ስለ ሐዘናቸውና ስለ ጠባቸው ተነጋገሩ። ከመካከላቸው በድባቴ የተያዙት ከመቶ 86 ነበሩ፤ በፍጻሜው 6.5 ብቻ ቀሩ። ሕክምናው ባልደረሳቸው መንደሮች ግን ከ94 ወደ 54.7 ነው የወረደው። እነዚያ ሰዎች ሐዘን ቢኖርባቸውም ጎረቤት ነበራቸው።

ስደተኛውስ? ክሪስቲና ዛሮውስኪ ድሬዳዋ አካባቢ በምትገኘው ሁርሶ ከስደት የተመለሱ ሶማሌዎችን አጥንታ ነበር። ሰዎቹ መከራቸውን ሲተርኩ ስለ ውስጥ ቁስል ሳይሆን ስለተነጠቁት ሀብትና ስለደረሰባቸው ግፍ አብዝተው ይናገሩ ነበር። እንዲህ ላለው ሰው «አስተሳሰብህን አስተካክል» ማለት ሌላ በደል ሊመስለው ይችላል።

እንግዲህ መካሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሐዘኑ ምን እንደሚሻ ነው። አንዱ የሚሰማው ጆሮ ይበቃዋል። ሌላው ሥራ ይፈልጋል፤ ለስደተኛ የመሥራት መብት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በሥራ ላይ የዋለለት ዕለት ምናልባት ምክሩም ይሰማዋል።