አራተኛው ስም



መታወቂያችን ላይ ሦስት ስም አለ፤ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን። የሁለት ወንድማማቾች የልጅ ልጆች አንዱ አዳማ፣ ሌላው ሻሸመኔ ቢያድጉ፣ ከነዚህ ስሞች ዝምድናቸው አይታወቅም። የሚያገናኛቸው አራተኛው ስም ነው።

የድሮ ወረቀት ላይ ግን ስም ይሰወራል። በንጉሡ ዘመን ለትምህርትና ለመንግሥት ሥራ ሲሉ በመዝገብ የክርስቲያን ስም የያዙ ሙስሊሞች ነበሩ፤ እቤት ግን አሕመድ ናቸው። ቦታውም እንደዚያው፦ አዳማ «ናዝሬት»፣ ቢሾፍቱ «ደብረ ዘይት» ተብለዋል። አዳማ ስሟን በይፋ ያስመለሰችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ስለዚህ ስንፈልግ በሁለቱም ስም እንፈልግ።

አራተኛው ስም ገመዳ ወይም ቱፋ ቢሆን አንፈር። ኦሮምኛ ስም ከእስልምና አያወጣም። ምናልባትም የገመዳ ልጅ ሁሴን መባሉ፣ ቤታችን እስልምናን የተቀበለበትን ትውልድ ይጠቁመን ይሆናል።

ሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ 5 ሰውን በአባቱ መጥራትን ያስተምረናል። ዝምድናን መቀጠልም ግዴታችን ነው፤ የማናውቀውን ዘመድ ግን እንዴት እንቀጥላለን? አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ እስከ ሰባት አባት እንጻፍ።

አሏህ ዝምድናን ከሚቀጥሉት ያድርገን። አሚን!