ከአሰብ ቦቴ እስከ ዳመርጆግ ቧንቧ

ከምንኖርባት ከሴንቴኒያል በስተ ሰሜን፣ ዴንቨርን አልፎ ከፕላትቪል የሚነሣው ዋይት ክሊፍስ የተባለው የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ በ2009 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሥራ ጀምሮ እስከ ኦክላሆማዋ ኩሺንግ 848 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በ2014 ሁለተኛ መስመር በጎኑ ተዘረጋለት፤ ኋላም ከሁለቱ አንዱ ድፍድፍ መሸከሙን ትቶ የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሾችን እንዲያደርስ ተለወጠ። ርዝመቱን በሰማን ጊዜ ትዝ ያለን ሌላ መንገድ ነው፤ ከአሰብ አዲስ አበባ ያለው ጎዳና 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና።

አሰብ ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የታነጸው ማጣሪያ በ1967 ሥራ ሲጀምር ኢትዮጵያ ድፍድፉን ራሷ ለማጣራት በቃች። ከማጣሪያው ደጃፍ ወዲህ ያለው ጉዞ ግን የቦቴ ነበር፤ ንጉሣዊው መንግሥትም ሆነ ደርግ ቧንቧ አልዘረጉለትም። ማጣሪያው በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ ጦርነት ተነሥቶ ወደቡም ሲዘጋ ቦቴዎቹ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። በ2015 ከዳመርጆግ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር ቧንቧ በ1.55 ቢሊዮን ዶላር እንዲዘረጋ ስምምነት ተፈረመ፤ ቧንቧው ግን አልተሠራም።

ቧንቧው ቢዘረጋ ምን ይተርፍ ነበር? ግምታችንን በግልጽ እናስቀምጥ። 45 ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ 720 ሊትር ይሆናል፤ ከጭነቱ 1.6 በመቶ ማለት ነው። ጭሱም ሁለት ቶን ለመሙላት ጥቂት የሚጎድለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የቧንቧ ፓምፕ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ በአመዛኙ ከውኃ ኃይል ስለሚገኝ ይህ ጭስ ከሞላ ጎደል ይቀር ነበር። በኮሎራዶ፣ ከሰልና ጋዝ ኤሌክትሪክ በሚያመነጩበት ግዛት፣ ያው ፓምፕ ይህን ያህል ንጹሕ አይሆንም።

ሆኖም አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው ነገር አለ። ያ 45 ሺህ ሊትር ናፍጣ ሞተር ውስጥ ሲነድድ 120 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እንግዲህ ቧንቧን በአየር ንብረት ስም ማሞገስ ሚዛን መሳት ነው። ጥቅሙ ከወጪው ላይ ነው፤ ጎማው፣ መለዋወጫው፣ ቦቴው ራሱ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነውና። በሚሌና በጋላፊ በኩል ሌት ተቀን የሚነዳው ሾፌር ድካምና አደጋም ከሂሳቡ ሊወጣ አይገባም፤ እንጀራው ያው መንገድ መሆኑም እንዲሁ።

ቧንቧ ወጪውን የሚመልሰው ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲፈስበት ነው። መንግሥት ግን በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ስለዚህ በበኩላችን ከቧንቧው ይልቅ የባቡሩን የነዳጅ ፉርጎ እንመርጣለን። የነዳጁ ፍላጎት ቢቀንስ ሐዲዱ እህልና ቡና ይጭናል። የፕላትቪል ሰዎች ቧንቧቸውን ለሌላ ፈሳሽ ማዋል የቻሉት ሌላ ፈሳሽ ስለ ነበራቸው ነው፤ በአዋሽ መስመር ከነዳጅ በቀር የሚፈስ ነገር አናይም።