የሐር ክርና የነሐስ ሽቦ፦ የአስተላላፊና የኢአስተላላፊ ክፍፍል ታሪካዊ አመጣጥ

በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቁሶች «አስተላላፊ» እና «ኢአስተላላፊ» ተብለው በሁለት ረድፍ ይሰፍራሉ። ተማሪውም ረድፎቹን በቃሉ ያጠናል። ክፍፍሉ ከምን ጥያቄ እንደ ተወለደ ግን አብሮ ሲነገረው እምብዛም አይታይም።

እ.ኤ.አ. በ1729 በእንግሊዝ አገር፣ ቀድሞ በልብስ ማቅለም ሥራ ይተዳደር የነበረው ስቴፈን ግሬይ፣ የታሸ የብርጭቆ ቱቦ የሚያሳየው የመሳብ ኃይል በሲባጎ አማካይነት ወደ ሩቅ ሊተላለፍ እንደሚችል ደረሰበት። በዚያው ዓመት በኬንት ከወዳጁ ከግራንቪል ዊለር ጋር ሲባጎውን በቀጭን የሐር ክር ላይ አጋድሞ ዘረጋው። ኃይሉም 24 ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በወዲያኛው ጫፍ ስስ የነሐስ ብጣሾችን ሳበ። ሐሩ ኃይሉን ያላስኮበለለው ቀጭን በመሆኑ ነው የሚል ግምት ነበር። ክሩ በተበጠሰ ጊዜ ግን በምትኩ የነሐስ ሽቦ ቢያደርጉ፣ ቱቦው የቱንም ያህል ቢታሽ ብጣሾቹ አልተንቀሳቀሱም። ወደ ሐር ሲመለሱ ኃይሉ ከ230 ሜትር በላይ ተጓዘ። ስለዚህ ልዩነቱ የመጣው ከቅጥነት ሳይሆን ከቁሱ ባሕርይ መሆኑ ተረጋገጠ።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ረድፎች ብቻቸውን አልበቁም። እ.ኤ.አ. በ1833 ማይክል ፋራዳይ የብር ሰልፋይድ ሲሞቅ የማስተላለፍ ችሎታው እንደሚጨምር አስተዋለ፤ ብረታ ብረት ግን ሲሞቅ ችሎታው ይቀንሳል። ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1931 አለን ዊልሰን አብራራ። በኢአስተላላፊ ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሞሉትን የኃይል እርከን ከባዶው የሚለይ ሰፊ ክፍተት አለ፤ በከፊል አስተላላፊ ክፍተቱ ጠባብ በመሆኑ ሙቀት አንዳንዶቹን ያሻግራቸዋል።

ይህ ታሪክ ለክፍል ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም ከዕውቀት ያለፈ ነው። «እንጨት ኢአስተላላፊ ነው» ብሎ ብቻ ያጠና ልጅ፣ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ በረጠበ እንጨት ለማንሣት ቢሞክር ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ ውሃ የእንጨቱን ጠባይ ይለውጠዋልና። በመሆኑም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ከሰንጠረዡ አስቀድመው የግሬይን ጥያቄ ቢያስቀድሙ፣ መምህራንም በደረቅ ባትሪና በአነስተኛ አምፑል ተማሪዎች ልዩ ልዩ ቁሶችን ራሳቸው እንዲፈትኑ ቢያደርጉ፣ የአንድ ቁስ ምድብ እንደ ሁኔታው ሊለወጥ እንደሚችል መረዳት ይቻላቸዋል።