ቃኘው፣ ውርጭ እና የምድጃ ዳር ስህተት

ያዮ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ጉዳት ልጻፍ ሲል ይሳቅበታል። እኛ የምናውቀው ዝናብ ነው፤ ከቡናው ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን፣ የጫካውን መንገድ ጭቃ የሚያደርገውን። በረዶም ቢሆን ቆርቆሮው ላይ ተንኳኩቶ ወዲያው የሚቀልጥ ነው። ግን ሁላችንም አንድ ነገር አድርገናል፤ በራሰ ጫማ ስንዞር ውለን ማታ የደነዘዘ እግራችንን ምድጃው ውስጥ ልንከተው ምንም አልቀረንም። ያ ልማድ በሌላ አገር ስንት እግር እንዳስቆረጠ የገባኝ የጦር ሜዳ ሕክምና ታሪክ ሳነብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1812 የናፖሊዮን ጦር ከሩሲያ ሲያፈገፍግ ላሬ የሚባለው የጦር ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። ቀን ሲጓዝ እግሩ በውርጭ የደረቀ ወታደር ማታ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ እግሩ ይቀልጣል፣ በማግስቱ እንደገና ይደርቃል። ከዚያ ሥጋው ይጠቁርና ይበሰብሳል። ላሬ እሳቱን መክሰሱ ልክ ነበር። መድኃኒቱን ግን ሳተ፤ የደነዘዘውን ቦታ በበረዶ እሹት አለ። ይሄ ምክር ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖረ። ዛሬም በበረዶ ማሸት ጥሩ ነው የሚል ሰው አይጠፋም።

ወደ እኛ ሰዎች እንምጣ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተመረጠው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት ከጅቡቲ በመርከብ ተነሳ። በዚያው ወር መጨረሻ ኮሪያ፣ ፑሳን ወደብ ደረሰ። የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ነው። ይሄ ሬጅመንት ብርድን በክፉ ያውቀዋል። ቃኘው ከመድረሱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ኅዳር 1943 ዓ.ም.፣ አንዱ ሻለቃው ቾሲን በሚባለው ሐይቅ ዳር ተከቦ በጥይትም በውርጭም አልቆ ነበር። በዚያ ክረምት ብቻ በብርድ የተጎዱት የአሜሪካ ወታደሮች በሺዎች ይቆጠራሉ።

ስለዚህ የእኛዎቹ የመጀመሪያውን የኮሪያ ክረምት ሲጋፈጡ ትምህርቱ ቀድሟቸው በሰው ጣት ተከፍሎበታል። ካልሲ በየቀኑ ይቀየራል፤ ትርፉ ካልሲ ከልብስ ሥር ገላ ላይ ተደርጎ ይደርቃል። ሁለት ወታደሮች አንዱ የሌላውን ፊትና ጆሮ ያያል፤ ምክንያቱም የደነዘዘ ሰው መጎዳቱ አይታወቀውም። በዚያው ክረምት ወታደሮች በቀልድ «ሚኪ ማውስ» ያሉት ወፍራም የጎማ ቦት ጫማም መጣ።

ታዲያ ዛሬ የምናውቀው ምንድነው? ውርጭ የመታው ቦታ ይደነዝዛል፣ ይጠጥራል፣ ሰም ይመስላል። መጻሕፍት «ይቀላል፣ ይነጣል» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ግራጫ ወይም አመድማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አትመኑ፣ ዳስሱት። አትሹት፤ እሳትም አታስጠጉት። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም። እንደገና በውርጭ የመመታት ስጋት ከሌለና ሐኪም ቅርብ ካልሆነ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ንከሩት። ውሃው ለጤነኛ ክንድ ለብ ያለ እንጂ የሚፋጅ መሆን የለበትም። ሕመሙ ከባድ ነው፣ አትደንግጡ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ በጣቶቹ መሃል ንጹሕ ጨርቅ አድርጉና ወደ ሐኪም ውሰዱት። መንገድ ላይ እንደገና የሚመታ ከሆነ ግን ሳታቀልጡት መሄድ ይሻላል።

መላ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ነገሩ ሌላ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ይተሳሰራል፣ ይደናቀፋል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ካቆመ ዳነ ብላችሁ አትዘናጉ፤ እንዲያውም አደጋው ብሷል። ርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ ከመሬት በሚለየው ነገር ላይ አስተኙት፣ ደረቱንና ብብቱን አሙቁ። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትኩስ ሻይ ከነስኳሩ ስጡት። አረቄ ግን በፍጹም! ቆዳውን ያሞቃል፣ የውስጡን ሙቀት ያወጣዋል።

ይሄን ለያዮ ልጅ የምነግረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ብርድ እግር ለመጉዳት በረዶ አያስፈልገውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ውሃ ላይ ቆመው የከረሙ ወታደሮች እግራቸው ውርጭ ሳይነካው አብጦ ተበላሽቷል። ርጥበት ካለ 15 ዲግሪም ይበቃል። ቦቲው ውስጥ ውሃ ገብቶ ቀኑን የዋለ እግር ከደነዘዘ፣ ካበጠ፣ ከጠዘጠዘ፣ አድርቁት፣ ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉት፤ ካልተሻለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሁለተኛ፣ ከእኛ ብዙዎች በረዶ አገር ናቸው። ከኦሮሚያ የሄዱ ብዙ ሰዎች የሚኖሩባት ሚኒሶታ በክረምት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስባት ይችላል። እዚያ አውቶቡስ ሲጠብቅ ጣቱ የደነዘዘ ወንድማችሁ ቪዲዮ ደውሎ «ምን ላድርግ?» ቢላችሁ፣ አፋችሁ ላይ የሚመጣው «እሳት ሙቅ» ነው። እኛ ቤት ፍቅር የሚገለጸው ምድጃ ዳር ነውና። ያኔ ላሬን አስቡት። ልክ ያልሆነ ፍቅርም ጣት ያስቆርጣል። «ለብ ያለ ውሃ፣ አትሸው፣ ሐኪም ጋ ሂድ» በሉት።