«ግዛት» የተባለው ቃል አመጣጥና ታሪካዊ ይዘቱ

በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ኢትዮጵያን በ12 ጠቅላይ ግዛቶች፣ እነዚህንም በአውራጃና በወረዳ ሲከፋፍል፣ ለታላቁ ክፍል የመረጠው ስም አዲስ ፈጠራ አልነበረም። «ግዛት» በባላባታዊው ሥርዓት ውስጥ ሲነገር የኖረ ቃል ነው። አዲሱ ነገር ቃሉ ቁርጥ ያለ ወሰንና በመንግሥት መዝገብ ቋሚ ስፍራ ማግኘቱ ነበር።

የቃሉ ሥር «ገዛ» የሚለው ግሥ ነው። ይህ ግሥ ከገበያ በሬ ለገዛው ገበሬም ሆነ አገር ለገዛው መስፍን እኩል ያገለግላል። ከዚህም አልፎ «በገዛ እጁ»፣ «የገዛ ልጁ» ሲባል የራስ የሆነውን ነገር ያመለክታል። መሸመት፣ ማስተዳደርና የራስ መሆን የተገናኙት በባለቤትነት ሐሳብ ላይ ነው። ግእዙም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ጌታ ማለት የሆነው «እግዚእ» ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ የሰማይን ጌታ «እግዚአ ሰማይ» ብሎ ይጠራል። «እግዚአብሔር» የሚለውም ስም ቃል በቃል ሲፈታ የብሔር ጌታ ማለት ሲሆን፣ «ብሔር» በጥንቱ ግእዝ ምድርንና አገርን የሚያመለክት ነበር እንጂ በኋላ በፖለቲካው መድረክ የተሰጠው ትርጉም አልነበረውም። ትግርኛ ደግሞ ከዚሁ ሥር «መግዛእቲ» የሚለውን ቃል አውጥቶ ለቅኝ አገዛዝ መጠሪያ አድርጎታል። (የቤተ ክህነቱ «ግዝት» በድምፅ ቢቀራረብም ሌላ ቃል ነው፤ ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም።)

ንብረትና ሥልጣን በአንድ ግሥ መጠቅለላቸው በቀድሞው ሥርዓት ከኑሮው ጋር የተስማማ ነበር። አገር ተሰጥቶት የሚሾም መኳንንት ደመወዝ የሚቆረጥለት ሠራተኛ አልነበረም፤ መተዳደሪያው ገባሩ የሚሰፍርለት እህል፣ የሚያገባለት ማርና የሚያፈስለት ጉልበት ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ዛሬ በጉቦኛ ላይ ሲነገር ነውር ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ግን የአስተዳደሩን ደንብ በግልጽ የሚናገር ነበር። የግዛቱም ስፋት ከሹሙ ሞገስ ጋር ይሰፋና ይጠብ ነበር። ሐረር ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ የርሳቸው ግዛት ስትባል፣ አገሪቱ የምትታወቀው በያዛት ሰው ነው።

የ1934ቱ ድንጋጌ ይህን አሠራር ለመቁረጥ ሞክሯል። ሹሞቹ በደመወዝ እንዲተዳደሩ፣ ግብሩም በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል እንዲሰበሰብ ተደረገ። መጠሪያዎቹ ግን «ጠቅላይ ገዥ»፣ «የአውራጃ ገዥ»፣ «የወረዳ ገዥ» እያሉ ቀጠሉ፤ የበላይ መሥሪያ ቤታቸውም የአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ጠቅላይ ግዛቶቹ በኋላ 14 ደርሰዋል። በብዙ ስፍራ ጭሰኛው የሚያርሰው መሬት የሌላ ሰው ሀብት እስከሆነ ድረስ፣ ስሙ ሐሰት ተናግሯል ማለት አይቻልም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ጠቅላይ ግዛት «ክፍለ ሀገር»፣ ገዥው «አስተዳዳሪ»፣ ሚኒስቴሩም የአገር አስተዳደር ሚኒስቴር ተባሉ። ክፍለ ሀገር የአንድ አገር ክፍል ማለት ብቻ ነው፤ በስሙ ውስጥ ጌታ የለም። የስም ለውጥ ብቻውን ቢመጣ ኖሮ የጽሕፈት ቤት ማኅተም ከመቀየር አያልፍም ነበር። ክብደት የሰጠው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ የጭሰኝነት ውል በዚያ ቀረ። ይሁን እንጂ አስተዳዳሪው እንደ ገዥው ሁሉ ከላይ የሚሾም ስለነበረ፣ ስሙ ከሥልጣኑ አሠራር ቀድሞ ተራምዷል። አውራጃና ወረዳ ግን አልተነኩም። ሁለቱም በቅርጻቸው «ወረደ» ከሚለው ሥር ጋር የሚገጥሙ ናቸው፤ የገዥ መልክ ስላልነበራቸው ማንንም አላስቀየሙም።

የተሻረው ሥር ግን ባልተጠበቀ በር ተመለሰ። በ1980 ዓ.ም. ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን «ራስ ገዝ» ተባሉ፤ ግሡ ያው ግሥ ሆኖ ገዥውና ተገዥው አንድ እንዲሆኑ ታሰበ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ማጠርንና መጋረድን ከሚገልጸው «ከለለ» የተገኘው «ክልል» ስፍራውን ያዘ፤ አውራጃም ከመዋቅሩ ወጣ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ2ኛው አንቀጽ ስለ ኢትዮጵያ «የግዛት ወሰን» ይናገራል፤ እዚህ ላይ ቃሉ የአንድ ሹም ይዞታ መሆኑ ቀርቶ የአገር ዳር ድንበር ሆኗል። በ8ኛው አንቀጽ ደግሞ የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች ሆነው ከተጠሩት መካከል የመጀመሪያዎቹ ብሔሮች ናቸው። በጥንቱ የግእዝ ጥምር ቃል ውስጥ ጌታ የነበረው «እግዚእ»፣ የተያዘው ደግሞ «ብሔር» ነበር።